በነጭ ዓባይ ዳር የባዕድ ካሜራ

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባና በዙሪያዋ ያለው አገር በዓለም ዘንድ የታወቁት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ባነሷቸው ፎቶግራፎች ሲሆን፣ የዚህ ታሪክ መነሻም ጁባ ገና ከተማ ሆና ሳትቆረቆር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰባዎቹ ዓመታት ላይ ይገኛል። በዚያ ዘመን ሪቻርድ ቡክታ የተባለ ኦስትሪያዊ ፎቶ አንሺ ከካርቱም ተነሥቶ እስከ ላዶ ዘልቆ፣ ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተጉዞ ያነሣቸው ፎቶግራፎች በላይኛው ነጭ ዓባይ ከተነሡት ቀደምት ምስሎች መካከል ይቆጠራሉ። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለምርምር፣ አንዳንዶቹ ከጦርነት ትዝታ ለመሸሽ፣ አንዳንዶቹም ጦርነትን ለመዘገብ መጥተዋል። የእነዚህን ሰዎች ሕይወትና ለሥራ ያነሣሣቸውን ምክንያት መመርመር፣ አንድ ሕዝብ በሌላ ሰው ዓይን ሲታይ የሚያተርፈውንና የሚያጣውን ለመረዳት ይጠቅማል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ጁባ የምትገኝበት የነጭ ዓባይ ዳርቻ የባሪ ሕዝብ አገር ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን በወንዙ ምዕራብ ዳር ላዶ፣ በምሥራቁ ዳር ጎንዶኮሮ፣ በስተደቡብ ደግሞ ረጃፍ ይገኛሉ፤ ሦስቱም ከጁባ የሚቀድም ታሪክ ያላቸው ቦታዎች ናቸው። በ1871 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በግብጹ ገዥ በኸዲቭ እስማኤል ትእዛዝ ጦር እየመራ መጥቶ በጎንዶኮሮ የግብጽን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅል፣ ኢኳቶሪያ የሚባለው ግዛት ተመሠረተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በቤከር ቦታ የተሾመው ቻርልስ ጎርደን የግዛቱን መቀመጫ ወደ ላዶ አዛወረው። እስማኤል ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ ስም አይደለም፤ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተዋጋውና የተሸነፈው ጦር የእሱ ነበር። ኢኳቶሪያ የዚያው የመስፋፋት ምኞት ደቡባዊ ክንፍ ነበረች፤ የቡክታ ካሜራም ወደ ባሪዎች አገር የገባው በዚህ ኃይል በተከፈተው መንገድ ስለሆነ፣ ምስሎቹን የሚመለከት ሰው ይህን እውነት ከግምት ማውጣት አይችልም።

ቡክታ በ1845 ያኔ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው ራድሉፍ በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በአውሮፓ ልዩ ልዩ አገሮች ከተዘዋወረ በኋላ በ1870 ካይሮ ደረሰ። ካይሮ በዚያን ጊዜ የስዊዝ ቦይ በተከፈተ በማግስቱ ከአውሮፓ ሙያተኞች፣ ነጋዴዎችና ዕድል ፈላጊዎች የሚጎርፉባት ከተማ ስትሆን፣ ፎቶግራፍም ጥሩ እንጀራ የሚገኝበት ሙያ ነበር፤ ፒራሚዶችን ለማየት የሚመጣው ጎብኚ ምስላቸውን ገዝቶ መመለስ ይሻ ነበርና። ቡክታ ግን በዚያ አልቆመም። ወደ ካርቱም ወርዶ፣ በ1877 የመላው ሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆኖ የተሾመውን ጎርደንን ድጋፍ ካገኘ በኋላ በ1878 ወደ ላዶ ጉዞ ጀመረ።

የድጋፉን ዋጋ ለመገመት የጉዞውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከካርቱም እስከ ላዶ ያለው የወንዝ መንገድ ከ1,600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በመካከሉ ሱድ የሚባለው ሰፊ ረግረግ አለ፤ በዚያም ደንገልና ሌሎች የውኃ ዕፀዋት ሥራቸው ተቆላልፎ፣ በማዕበልና በነፋስ እየተገፉ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ይዘጉታል። የ1878 ዝናብ እጅግ ከባድ ስለነበር በዚያው ዓመት የወንዙ መንገድ በዕፀዋት ተደፍኖ ላዶ ከካርቱም ጋር የነበራት ግንኙነት ለረዥም ጊዜ ተቋረጠ፤ ኤርንስት ማርኖ የተባለ ሌላ ኦስትሪያዊ ሠራተኞችን አሰማርቶ መተላለፊያውን ያስጠረገው በ1879 እና በ1880 ነው። ስለዚህ በኢኳቶሪያ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ገዥውም ሆነ ፎቶ አንሺው፣ ደብዳቤ፣ መድኃኒትና ዕቃ ሳይደርሰው ለወራት መቆየት ግድ ይሆንበት ነበር።

ፎቶግራፍ በዚያን ጊዜ ዛሬ እንደሚታወቀው ቀላል ሥራ አልነበረም። የዘመኑ የተለመደ ዘዴ በእርጥብ የመስታወት ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ፎቶ አንሺው በመጀመሪያ በኤተርና በአልኮል የሟሟ ኮሎዲዮን የተባለ ሙጫ መሰል ፈሳሽ በመስታወቱ ላይ ያፈስሳል፤ መስታወቱን በአራቱም ማዕዘን አዘንብሎ ፈሳሹን እኩል ካዳረሰው በኋላ በጨለማ ድንኳን ውስጥ የብር ናይትሬት በሚባል የብር ጨው ውሑድ ውስጥ ይነክረዋል፤ የብር ጨው ብርሃን ሲነካው ስለሚለወጥ ምስሉን የሚይዘው እሱ ነው። ሰሌዳው ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ ገብቶ፣ ብርሃን ተቀብሎ፣ ተመልሶ በድንኳኑ ውስጥ በኬሚካል መታጠብ ይኖርበታል፤ ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ኤተር በሙቀት ቶሎ ስለሚተን በሞቃት አገር ከዚያም ያጥራል። አቧራ አንዲት ቅንጣት ብትገባ በምስሉ ላይ ጠባሳ ሆና ትቀራለች፤ ለማጠቢያ የሚሆነው ውኃ ከወንዝ ሲቀዳ ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ የተሳካውም ሰሌዳ በሸክም ተጉዞ ሳይሰበር መድረስ አለበት። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ደረቅ ሰሌዳ በአውሮፓ ገበያ በስፋት መታየት የጀመረው ገና በዚያው በ1878 ገደማ ስለነበር፣ በመካከለኛው አፍሪካ 160 ፎቶግራፎችን ለኅትመት የሚያበቃ ሥራ ሠርቶ መመለስ በሙያው ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ተግባር ነው። የሥራው ጠባይ በምስሎቹ ላይም ይነበባል፤ ብርሃኑ በቂ እስኪሆን ሰዎቹ ለሰከንዶች ያለ እንቅስቃሴ መቆም ነበረባቸውና አብዛኞቹ ፊት ለፊት ወይም በጎን ቀጥ ብለው፣ ጋሻና ጦራቸውን እንደያዙ ይታያሉ።

በላዶ ቡክታን የተቀበለው በ1878 የኢኳቶሪያ ገዥ ሆኖ የተሾመው ኤሚን ነበር። ኤሚን፣ በትውልድ ስሙ ኤድዋርድ ሽኒትሰር፣ በ1840 በሲሌዢያ የተወለደ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ በኦቶማን ቱርክ አገልግሎ፣ ስሙንና አለባበሱን ለውጦ፣ በጎርደን ሥር የጤና መኮንን ሆኖ ወደ ላዶ የመጣ ሰው ነው። ከአስተዳደር ሥራው ይልቅ ለሳይንስ የነበረው ፍቅር የበለጠ እስኪመስል ድረስ የወፎችን ቆዳ እየገፈፈ፣ ዕፀዋትን እያደረቀ፣ የቋንቋዎችን ቃላት እየመዘገበ ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች ይልክ ነበር። የቡክታ ሥራ ከዚህ መንፈስ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። ባሪን፣ አቾሊን፣ ምዕራባዊውን የማካራካ አገር ዛንዴዎችን ሲያነሣ፣ ዓላማው እንደ ኤሚን የወፍ ቆዳዎች ሁሉ የተለያየውን ለይቶ፣ ስም ሰጥቶ፣ በመደርደሪያ ማኖር ነበር። ያ ዘመን ሰውን በዘርና በነገድ መድቦ «ዓይነት» እያለ የሚያጠና የሥነ ሰብዕ ትምህርት የተስፋፋበት ሲሆን፣ ይህ ትምህርት የአንድን ግለሰብ ፊት የመላው ነገድ ወኪል አድርጎ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት በምስሎቹ ላይ ከሚታዩት ሰዎች አብዛኞቹ የሚታወቁት በሕዝባቸው ስም ብቻ ነው። ማን እንደነበሩ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ካሜራው ፊት ለመቆም ወደው ይሁን ተገደው፣ የጻፈ የለም። ይህ ጉድለት የቡክታ የግል ጥፋት ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ የባሪ ልጅ ዛሬ በእነዚህ ምስሎች መካከል የቅድመ አያቱን ፊት ቢያገኝ እንኳ ሊያውቀው የማይችለው በዚህ የተነሣ መሆኑን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም።

ቡክታ በ1880 ከኢኳቶሪያ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመትም የላይኛውን ዓባይ አገሮች ሕዝቦችና መልክዐ ምድር የሚያሳዩ 160 ፎቶግራፎችን የያዘው አልበሙ በበርሊን ታተመ። ፎቶግራፍን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ ማተም የሚያስችለው ዘዴ ገና ስላልተስፋፋ የመጻሕፍት አታሚዎች ምስሎችን በእንጨት ላይ በሚቀርጹ ባለሙያዎች እያስገለበጡ ያትሙ ነበር፤ ስለዚህም የቡክታ ፎቶግራፎች ተቀርጸው በዊልሰንና በፌልኪን፣ በቪልሄልም ዩንከር፣ በጋኤታኖ ካሳቲ የጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ገቡ። ቀራጮቹ ግን ያዩትን እንዳለ ገልባጮች አልነበሩም፤ በልዩ ልዩ ፎቶግራፎች ላይ ያሉ ሰዎችን በአንድ ትዕይንት ሰብስበው፣ ከኋላቸው ዛፍና ጎጆ ጨምረው፣ ያልነበረ ስብሰባ እንደነበረ አድርገው ያቀረቡባቸው ጊዜያት አሉ። የአውሮፓ አንባቢ «ከፎቶግራፍ የተወሰደ» የሚለውን ሲያነብ ያየውን ሁሉ እንደ እውነት ተቀበለ። ምስልን በመቆራረጥና በመቀጠል ማታለል የኮምፒዩተር ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

አልበሙ በታተመበት በዚያው በ1881 በሱዳን መሐዲ ነኝ ያለው መሐመድ አሕመድ ዓመፅ አነሣ፤ በጥር 1885 ካርቱም ወደቀች፤ ጎርደንም ተገደለ። ከዚያ በፊት በ1879 በግብጽ ስም ለመደራደር ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ዐፄ ዮሐንስን ያነጋገረው ይኸው ጎርደን ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በበኩላቸው በ1889 በመተማ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ኤሚን ከዓለም ተቆርጦ በኢኳቶሪያ ለዓመታት ቆይቶ በ1889 ከሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጣ፤ በ1892 ደግሞ በኮንጎ ተገደለ። ላዶና ረጃፍ በግብጾች፣ በመሐዲስቶችና በቤልጂጎች እጅ እየተፈራረቁ ገቡ። ቡክታ ወደ ላዶ የሚመለስበት መንገድ ስለተዘጋበት ቀሪ ዕድሜውን ስለ ሱዳንና ስለ መሐዲ በመጻፍ፣ የዩንከርንም የጉዞ መጽሐፍ ለኅትመት በማገዝ አሳለፈና በ1894 በቪየና ሞተ፤ ዕድሜው 49 ነበር። ከዕድሜው ሁለት ዓመት ያህል የወሰደው ጉዞ የቀረውን ሁሉ ገዛው ማለት ይቻላል።

የቡክታን ዕጣ በአዲስ አበባ ከሠሩት የውጭ ተወላጅ ፎቶ አንሺዎች ጋር ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ቀጠሉበት። በዚህ ግንኙነት ፎቶግራፉን የሚያዝዘው፣ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነው፣ ዋጋውን የሚከፍለውና ምስሉን ወስዶ በእልፍኙ የሚሰቅለው ኢትዮጵያዊው ነበር። መኳንንቱ ካባቸውን ደርበው፣ ጎራዴያቸውን ታጥቀው፣ በፈለጉት ወግ ተነሡ፤ ስማቸውም ከምስላቸው ጋር ቀረ። በላዶ ይህ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የካሜራው ዓይነት ወይም የፎቶ አንሺው ችሎታ አይደለም፤ በአንዱ አገር ባዕዱ የአገሬው ሠራተኛ ሲሆን በሌላው የገዥው እንግዳ መሆኑ ነው።

በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሞንጋላ ወደ ጁባ መዛወር ሲጀምር፣ በዚያው አካባቢ ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ በዛንዴዎች መካከል ይኖር ነበር፤ ከ1930 ጀምሮም ወደ ኑዌሮች ሄደ። ሙያው ፎቶግራፍ ባይሆንም ካሜራ ከእጁ አይለይም ነበርና ያነሣቸው በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች ዛሬ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ከቡክታ የሚለየው ከሚያነሣቸው ሰዎች ጋር በአንድ መንደር ለወራት መኖሩ፣ ቋንቋቸውን መማሩና የብዙዎቹን ስም መመዝገቡ ነው። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢትዮጵያ ድንበር የአኙዋክ ተዋጊዎችን ይዞ ከጣሊያኖች ጋር መዋጋቱም ሊታወስ ይገባል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መነሣሣቱ በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየው ጆርጅ ሮጀር ነው። ሮጀር በ1908 በእንግሊዝ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ በንግድ መርከብ ላይ ሠርቶ፣ በአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ ከኖረ በኋላ በፎቶ አንሺነት ወደ ቢቢሲ ገባ። የሎንዶንን የቦምብ ድብደባ ያሳዩ ምስሎቹ ላይፍ ለተባለው የአሜሪካ መጽሔት የጦር ዘጋቢ አደረጉት፤ በጦርነቱ ዘመንም ከአፍሪካ እስከ በርማ ዞረ። በሚያዝያ 1945 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ቤርገን ቤልዘን ወደሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ሲገባ በሺህ የሚቆጠሩ አስከሬኖች መሬት ላይ ተጋድመው አገኘ። በሌንሱ እያየ አስከሬኖቹን በፎቶግራፍ ውበት ደንብ፣ ግራና ቀኙ እንዲመጣጠን አድርጎ ሲያሰላ ራሱን ባገኘ ጊዜ በራሱ ላይ ደነገጠ፤ ዳግመኛም ጦርነት ላለማንሣት ወሰነ። አንድ ባለሙያ በሥራው ከፍታ ላይ ሳለ ሙያው በነፍሱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ተረድቶ መንገዱን መለወጡ ጥቂት ሰዎች የሚችሉት ነገር ነው።

በ1947 ሮጀር ከሮበርት ካፓ፣ ከኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶንና ከዴቪድ ሲሙር ጋር ማግነም የተባለውን የፎቶ አንሺዎች ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ ፎቶ አንሺዎች የሥራቸው ባለቤት ሆነው በጋራ የሚተዳደሩበት ድርጅት ሲሆን፣ መሥራቾቹ ዓለምን ሲከፋፈሉ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ለእሱ ደረሱት። ከባለቤቱ ከሲስሊ ጋር አፍሪካን በመኪና ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲያቋርጥ፣ በኢኳቶሪያ ከጁባ በስተምሥራቅ በቶሪት አካባቢ የሚኖሩትን ላቱካዎች አነሣ፤ በ1949 ደግሞ ወደ ኮርዶፋን ወጥቶ የኑባ ተራሮች ሕዝብን ጎበኘ። እዚያ ያነሣው አንድ ምስል ከሥራዎቹ ሁሉ ይታወቃል። ገላው በነጭ አመድ የተሸፈነ የትግል አሸናፊ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ የተሸካሚው ፊት ከሥር፣ የአሸናፊው ደረት ከላይ ሆኖ ሁለቱ እንደ አንድ ሐውልት ቆመዋል። አሸናፊው ወደ ካሜራው አይመለከትም፤ ደስታው ለወገኖቹ ነው፤ ተመልካቹም የቡክታ ምስሎች እንደሚያደርጉት የነገድ ናሙና የቀረበለት አይመስለውም፤ በሌሎች ሰዎች የድል ቀን የተገኘ እንግዳ እንደሆነ ይሰማዋል።

ናሽናል ጂኦግራፊክ እነዚህን ምስሎች በየካቲት 1951 ካተመ በኋላ፣ ለሂትለር መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ፊልሞችን የሠራችው ጀርመናዊት ሌኒ ሪፈንሽታል ከኑባዎቹ ጋር እንዲያስተዋውቃት ገንዘብ ልክፈልህ ብላ ለሮጀር ጻፈችለት። ቤልዘንን በዓይኑ ያየው ሰው እምቢ አለ። እሷ ግን በስድሳዎቹ ዓመታት በራሷ መንገድ ሄዳ፣ የኑባዎችን ገላ ውበት የሚያገንኑ ታዋቂ መጻሕፍት አሳተመች፤ አሜሪካዊቷ ሐያሲ ሱዛን ሶንታግም በ1975 ባወጣችው ጽሑፍ ሥራው ከቀድሞው የናዚ የውበት አምልኮ የተለየ አለመሆኑን በብርቱ ተከራከረች። አንድ ዓይነት ሰዎች፣ በአንድ ዓይነት ተራራ፣ በሁለት ሰዎች ተነሡ፤ ከምስሎቹ ጀርባ ያለው ኅሊና ግን ፍጹም የተለያየ ነበር። ሮጀር ራሱ በዚያው በ1949 ባለቤቱን በወሊድ ምክንያት በሞት አጣ፤ ከዚያ በኋላም ወደ አፍሪካ ደጋግሞ እየተመለሰ ሠርቶ በ1995 አረፈ።

ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ ደቡቡ ለአሥርተ ዓመታት በጦርነት ውስጥ ስለቆየ፣ ዓለም ስለ አካባቢው ያየው በአብዛኛው የረሀብ ምስል ሆነ። ከእነዚህ ሁሉ የሚታወቀው ደቡብ አፍሪካዊው ኬቪን ካርተር በመጋቢት 1993 ከጁባ በስተሰሜን ርቃ በምትገኘው አዮድ ያነሣው፣ በረሀብ ደክሞ መሬት ላይ የተደፋ ሕፃንና ከኋላው የቆመ ጥንብ አንሣ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ነው። ምስሉ በ1994 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ፤ ካርተርም ሽልማቱን ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሐምሌ ወር፣ በ33 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ስለዚህ ሰው ሕፃኑን አንሥቶ ሊወስደው ይገባ ነበር የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። በ2011 የስፔን ጋዜጠኞች አዮድ ድረስ ሄደው ባደረጉት ማጣራት ሕፃኑ ያን ቀን እንዳልሞተ፣ በአካባቢው በነበረው የእርዳታ ጣቢያም ተመዝግቦ እንደነበር ከቤተሰቡ ሰሙ። ይህን ለማወቅ 18 ዓመታት መፍጀታቸው ያሳዝናል፤ ዓለም በምስሉ አለቀሰ፣ ተከራከረ፣ ሸለመ፤ የልጁን ስም ግን ለረዥም ጊዜ የጠየቀ አልነበረም። ቡክታ ከሞተ መቶ ዓመት ገደማ ቢያልፍም በዚህ ረገድ የተለወጠው ጥቂት ነው።

በጥር 2011 የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ከ98 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ነፃነትን ሲመርጥ፣ በሐምሌ 9 ቀንም በደቡቡ የትግል መሪ በጆን ጋራንግ መቃብር ሥፍራ ነፃነቱ ሲታወጅ፣ በጁባ ብዙ የውጭ አገር ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል አሜሪካዊው ፒት ሙለር በበዓሉ ሰሞን ብቻ ከመጡት ይለያል፤ መኖሪያውን በጁባ አድርጎ ለአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ይሠራ ነበር፤ ታይም መጽሔትም በዚያ ዓመት ከዜና ወኪሎች ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የላቀ ሲል መርጦታል። ድምፅ ለመስጠት ገና ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈውን ሕዝብ፣ የታጠቀውን ወጣት፣ የሚጨፍረውን ወታደር ያነሣው ሰው ሰልፉ ሲበተን የሚበላውን፣ ውኃ የሚቀዳበትንና የሚኖርበትን ሁኔታ ስለሚያውቅ፣ ምስሎቹ ከደስታው ሥር ያለውን ሥጋት ጭምር ይዘዋል። ሥጋቱም እውነት ሆኖ በታኅሣሥ 2013 በጁባ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ፤ በ2016 አገረሸ። በነሐሴ 2017 ደግሞ ወጣቱ ነፃ ጋዜጠኛ ክሪስቶፈር አለን ከኡጋንዳ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ካያ ውጊያ ሲዘግብ ተገደለ። በጁባ ጎዳናዎች ካሜራ አውጥቶ ያለ ፈቃድ ማንሣት ለእንግዳውም ለአገሬውም አደገኛ ነው፤ የሚብሰው ግን በአገሬው ላይ ነው፤ ችግር ሲገጥመው የሚያስወጣው ኤምባሲም ሆነ የውጭ ፓስፖርት የለውምና።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ቅሪት ዛሬ በአብዛኛው ከጁባ ውጭ ተበትኖ ይገኛል። የቡክታ አልበም በአውሮፓ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት፣ የኢቫንስ ፕሪቻርድ ምስሎች በኦክስፎርድ፣ የሮጀር ሥራ በማግነም ክምችት ውስጥ ናቸው። የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአስተዳደር ሰነዶች በበኩላቸው በጁባ በድንኳን ውስጥ ተከማችተው ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ባለሙያዎች ለይተው በዲጂታል መልክ መገልበጥ ጀምረዋል። ፒት ሪቨርስ ሙዚየም የደቡብ ሱዳን ምስሎቹን ማንም እንዲያያቸው በኢንተርኔት መልቀቁ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ነገር ግን መብራትና ኢንተርኔት በማይዳረሱበት መንደር ለሚኖር የባሪ ወይም የዛንዴ ሽማግሌ ይህ ደጁ አልደረሰም። የታተመ ቅጂ ወደ ጁባ፣ ወደ ያምቢዮ፣ ወደ ቶሪት ሄዶ፣ አረጋውያን እያዩት ቦታውንና ጌጡን፣ ቢቻልም ሰውን እንዲለዩ ማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ኤግዚቢሽን ወጪ የሚበልጥ አይደለም፤ የሚያውቁት ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ ካልተደረገ ግን በኋላ በማንኛውም ገንዘብ አይገኝም።

ይህ ኃላፊነት ሙዚየሞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በጁባ የሚሠሩና የሚነግዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ በስልካቸውም ሆነ በካሜራቸው ያነሡት የከተማዋ ምስል ነገ ታሪክ ነው። ስለዚህ የጎረቤትን፣ የሥራ ባልደረባን ወይም የገበያ ሰውን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሁሉ አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ የተነሣውን ሰው ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ይመዝግብ፤ አንድ ቅጂም ለባለ ምስሉ ይስጥ።